ጸያፍ ይዘት ያለበት ፓኬጅ፦ ይሰረዝ፣ ይለይ ወይስ ምልክት ይደረግበት?

#1 ጥቅል ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ መልሱ ግን አጭር የሚሆን አይመስለኝም።

ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) በተከፈተ ቁጥር በዘፈቀደ አንድ ጥቅስ የሚያወጣ ፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚጫን ፕሮግራም) አለ። አሠራሩ ፎርቹን እንደሚባለው ጥቅስ አውጪ ፕሮግራም ነው። ከሚያወጣቸው ጥቅሶች ጥቂቶቹ በዘርና በፆታ ላይ የሚያላግጡ ናቸው። ቲኬት (የችግር ማመልከቻ) ተከፍቷል፤ ግማሹ «አጥፉት» ይላል፣ ግማሹ «ሳንሱር ነው» ይላል። ኮዱን የጻፈው ሰው መልስ አይሰጥም። እኛ ፓኬጁን ለዲስትሮ (ፕሮግራሞችን ሰብስቦ ለሚያሰራጭ ሲስተም) የምናዘጋጅ ነን እንጂ ባለቤቶቹ አይደለንም።

ስለ መርሁ ብዙ ተብሏል። እኔ የምፈልገው አሠራሩን ነው፦ የትኛው ፋይል ይነካል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ምንስ ይሰበራል?

#2 ዘጠነኛው ቢት

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጣራ፦ ያ ጽሑፍ ሳይጠራ የሚመጣው ማን ፊት ነው? አንድ ዓይነት ስድብ በተለያየ ቦታ ሲቀመጥ መፍትሔው የተለያየ ነው። የፓኬጁ ወይም የኮማንዱ ስም ላይ ካለ፣ ፓኬጅ የሚፈልግ ሁሉ ባይጭነውም ያየዋል። በዲፎልት (ማንም ሳያዘው) የሚወጣ ከሆነ የጫነው ሁሉ ያየዋል። ለብቻው የተቀመጠ ዳታ ከሆነ የጠራው ብቻ ያየዋል። ኮሜንት ወይም የቫሪያብል ስም ከሆነ ኮዱን የሚያነበው ያየዋል፤ ይኸውም ነገ ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ሊልክልህ የሚችለው ሰው ነው። የቴስት ግብዓት ወይም የማጣሪያ የቃላት ዝርዝር ከሆነ ግን ስድቡ እዚያ የገባው ለሥራ ነው፤ እሱን ብታወጣ ፕሮግራሙ ሥራውን ያቆማል።

ያንተ ሁለተኛው ነው፤ ቀላሉም እሱ ነው። በፎርቹን አሠራር ጥቅሶቹ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ በጥቅስና በጥቅስ መካከል የ«%» ምልክት ብቻዋን አንድ መስመር ይዛ ትቀመጣለች። ከጎኑ በ«ስትርፋይል» የሚሠራ «ዳት» የሚባል ማውጫ ፋይል አለ። የሚያስቀይሙት ጥቅሶች «ኦፍ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ተጠቃሚው የ«ኦ» ወይም የ«ኤ» አማራጭ ካልሰጠ አይወጡም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቅሶቹን ከዋናው ፋይል ቆርጠህ አዲስ ፋይል ውስጥ ታስገባለህ፤ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ «%» አብራ ትሄዳለች። አዲሱን ፋይል በሮት13 ትቀይረዋለህ፣ ማለትም እያንዳንዱ የላቲን ፊደል 13 ቦታ ይዘላል። ከዚያ በአዲሱ ፋይል ላይ ስትርፋይልን ከ«ኤክስ» አማራጭ ጋር ታስኬዳለህ። ይህ አማራጭ ጽሑፉን አይቀይርም፤ ማውጫው ላይ «ይህ የዞረ ነው፣ ሲነበብ መልሰው» የሚል ምልክት ብቻ ያኖራል። ጽሑፉን ሳታዞር ምልክቱን ብቻ ካደረግህ ተጠቃሚው የሚያየው የተዘበራረቀ ፊደል ነው። በመጨረሻም በዋናው ፋይል ላይ ስትርፋይልን እንደገና ታስኬዳለህ።

ይህን የመጨረሻውን የሚረሳ ብዙ ነው። ማውጫው የሚይዘው ጥቅሶቹ ከፋይሉ መጀመሪያ ስንተኛው ባይት ላይ እንደሚጀምሩ ነው። ከመሐል 200 ባይት ቆርጠህ ማውጫውን ካላደስከው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ 200 ባይት ይንሸራተታል፤ ጥቅሱ ከዓረፍተ ነገር ወገብ ይጀምራል። ከዚያ «ፓኬጁ ተበላሽቷል» የሚል ሌላ ቲኬት ይከፈትብሃል።

#3 ቀይ ስረዛ

ስለ ሮት13 የተባለው ልክ ነው፤ ግን መጋረጃ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። ቁም ነገሩ ሳይታሰብ ዓይን ላይ እንዳይወድቅ እንጂ ሚስጥር መጠበቅ አይደለም። ደግሞም የሚነካው 26ቱን የላቲን ፊደላት ብቻ ነው፤ ጥቅሱ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ከሆነ ሮት13 እንዳለ ያሳልፈዋል።

የባሰው ጉዳቱ ደግሞ ሌላ ነው። የተዘበራረቀ ፋይል ለ10 ወይም ለ15 ዓመት ማንም ሳያነበው ይቀመጣል። ፓች ሲመጣ ገምጋሚው የማይነበብ ፊደል አይቶ «እሺ» ይላል። ስለዚህ ሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) ውስጥ ያልዞረውን ጽሑፍ አስቀምጡ፣ ማዞሩን ቢልድ ላይ (ፓኬጁ ሲገነባ) አድርጉት። ያኔ ልዩነቱ ይነበባል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጥያቄ ግን ምልክትም ሆነ መጋረጃ አይመልሰውም፦ ፕሮጀክቱ ይህን ነገር በራሱ ሰርቨር፣ በራሱ ፊርማ፣ በራሱ ስም ማሰራጨት ይፈልጋል ወይ? ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2017 ከዋናው ሲስተም የፎርቹን ጥቅሶችን አውጥቶ የራሱን የአጠቃቀም ምክሮች ብቻ አስቀርቷል። ያ ውሳኔ የተጨቃጨቀበት ሰው ነበር፣ የሰው ኮምፒውተር ግን አልተሰበረም። ጥቅስ የሚጎድለው ፓኬጅ ሥራው አይጎድልም።

#4 ነፃ ፈቃድ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ክፍት ምንጭ ማለት ማንንም፣ የትኛውንም ዓላማ አለመለየት አይደለም እንዴ? ዴቢያን የተባለው ዲስትሮ የነፃ ሶፍትዌር መመሪያ አንቀጽ 5 እና 6 ይህንኑ ይላሉ። ዛሬ ጥቅስ ካወጣን ነገ ምን ይቀራል?

#5 ዘጠነኛው ቢት

ለ#4፦ አንቀጾቹ ያሉት ስለ ፈቃዱ ነው። 5ኛው ፈቃዱ ሰውን ወይም ቡድንን እንዳይለይ፣ 6ኛው የሥራ መስክን እንዳይከለክል ይጠይቃል። ማንም ዲስትሮ የተላከለትን ሁሉ እንዲሸከም የሚያስገድድ መስመር የለባቸውም። ዲስትሮ በየቀኑ ፓኬጅ ይመልሳል፦ ሜንቴነር (ተንከባካቢ) የለውም፣ አርጅቷል፣ ከሌላው ጋር ይደገማል ብሎ። የማይፈቀደው በተቃራኒው ያለው መንገድ ነው። «ይህን ሶፍትዌር ሰው ለመሳደብ አትጠቀሙበት» የሚል መስመር ፈቃዱ ውስጥ ካስገባህ ክፍት ምንጭ መሆኑ ቀረ። የጄሰን ፈቃድ «ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል» በማለቱ ብቻ ዴቢያን ነፃ አይደለም ብሎ ይዞታል።

ፎርክ ለማድረግ (ኮዱን ቀድቶ በራሱ ለመቀጠል) ለሚፈልግ ኮዱ ክፍት ነው። መብቱ ያ ነው፤ የሌላ ሰው ሪፖ ውስጥ ቦታ ማግኘት ግን መብት አይደለም።

#6 ሁለት ሰረዝ

ወደ አሠራሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ጥቅል ጠባቂ የጠየቀው እሱን ነው።

ዋናው ምንጭ የናንተ ካልሆነ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ታርቦሉን (የተጠቀለለውን ምንጭ ኮድ) ሳትነኩ፣ ሲጫን ፋይሉ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ቀላል ነው፣ የባለቤቱ ፊርማም ሳይፈርስ ይቆያል፤ ነገር ግን የምንጭ ፓኬጁ ውስጥ ጽሑፉ አሁንም አለ፣ የምታሰራጩትም እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው ታርቦሉን እንደገና መጠቅለል ነው። በዴቢያን አሠራር የቅጂ መብት ፋይሉ ራስጌ ላይ «ፋይልስ ኤክስክሉድድ» በሚለው መስክ የሚወጡትን ፋይሎች ትዘረዝራላችሁ፤ «ዩስካን» የሚባለው መሣሪያ አዲስ እትም ሲያወርድ እነሱን አውጥቶ ራሱ ይጠቀልላል። በእጅ አትጠቅልሉ፤ የሚቀጥለው ሜንቴነር ምን እንዳወጣችሁ አያውቅም፣ በአዲስ እትም ያ ፋይል ተመልሶ ይገባል።

ከእትም ቁጥሩ ኋላ የሚለጠፈው ቅጥያም ትርጉም አለው። «ዲኤፍኤስጂ» (የዴቢያን የነፃ ሶፍትዌር መመሪያ አጭር ስም) የሚለው የሚለጠፈው የወጣው ነገር በፈቃዱ ምክንያት ሲወጣ ነው። በሌላ ምክንያት ከሆነ «ዲኤስ» ነው የሚባለው። ስድብን አውጥታችሁ «ዲኤፍኤስጂ» ብትሉ፣ የሚያነበው ሰው የፈቃድ ችግር አለ ብሎ ያስባል።

እንደገና የተጠቀለለ ታርቦል ቼክሰሙ (የማረጋገጫ ቁጥሩ) ይለወጣል፣ የባለቤቱ ፊርማም አይገጥምለትም። ይህን በቅጂ መብት ፋይሉ ውስጥ በአንድ መስመር ጻፉት፤ አለበለዚያ አንድ ጥንቁቅ ሰው የደኅንነት ጥሰት መስሎት ማንቂያ ይደውላል፣ እውነቱንም ነው።

ለብቻው ወደ ሌላ ፓኬጅ ካወጣችሁት ደግሞ ከዋናው ጋር በ«ሰጀስትስ» (ይጠቁማል) እንጂ በ«ሪኮመንድስ» (ይመክራል) አታያይዙት። ፓኬጅ ጫኙ «አፕት» ሪኮመንድስ የተባለውን በዲፎልት አብሮ ይጭናል። እንዲህ ከሆነ መለያየታችሁ የወረቀት ብቻ ነው፣ ሁሉም ሰው ማሽን ላይ ይገባል።

#7 የስም ነገር

የስሙን ጉዳይ ማንም አልነካውም። ዳታን ከመለየት ስም መቀየር ይከብዳል፣ ምክንያቱም ስም የሰው ስክሪፕት ውስጥ ገብቷል።

ዌቡብ የሚባለው የድረ ገጽ መሣሪያ ለዓመታት በኮማንዶቹ ስም ሲያጨቃጭቅ ነበር፤ አብዛኞቹ የሴት ጡትን በሚጠራ የእንግሊዝኛ ቃል የተጫወቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዴቢያን ውስጥ ክርክሩ ጦዘ፤ ፕሮጀክቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ወደ «ዉብ» ቀየረ። ልብ በሉ፣ ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ ሲቀይረው ነው ነገሩ የሚያልቀው። ዲስትሮ ብቻውን የኮማንድ ስም ቢቀይር በኢንተርኔት ያለው መመሪያ ሁሉ እናንተ ዘንድ አይሠራም፤ ለእርዳታ የሚመጣውም ሰው እናንተኑ ይወቅሳል።

ከቀየራችሁ አሮጌው ስም ቢያንስ አንድ ትልቅ ሪሊዝ እስኪያልፍ ይኑር። የፓኬጁ አሮጌ ስም ባዶ ሆኖ አዲሱን የሚጎትት የመሸጋገሪያ ፓኬጅ ይሁን። አሮጌው ኮማንድ ደግሞ አዲሱን ይጥራ፤ «ይህ ስም ሊቀር ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ በስህተት መስመሩ በኩል ይውጣ እንጂ በዋናው የውጤት መስመር በኩል አይውጣ። በዋናው ከወጣ ውጤቱን በፓይፕ ተቀብሎ የሚያነበው ስክሪፕት የመጀመሪያው መስመር ላይ ይሰናከላል።

ፕሮቶኮል (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ) ከሆነ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ በእትም 5 «ባሪያ» የሚለውን ኮማንድ በ«ቅጂ» ሲተካ አሮጌውን አላጠፋውም፤ ሁኔታውን የሚያሳየው የኢንፎ መልስም ነባሮቹን ቃላት ይዞ ቀጠለ፣ የክትትል መሣሪያዎች ያንን ጽሑፍ ስለሚያነቡ። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል በ8.0.22 አዲሱን ቃል አስገብቶ አሮጌውን ያወጣው በ8.4 ነው። የሊኑክስ ከርነል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም «ጌታና ባሪያ»ን የመሰሉ ቃላት በአዲስ ኮድ እንዳይገቡ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው ላይ የሚሰበር ነገር ካለ ወይም የሃርድዌርና የፕሮቶኮል ዝርዝሩ ቃሉን ካስገደደ ግን ይተወዋል። ይህ የመሐል መንገድ በደንብ የታሰበበት ይመስለኛል።

#8 ፊደል ገበታ

#2 «ስድቡ እዚያ የገባው ለሥራ ነው» ያለው ላይ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

የሆሄያት ማረሚያ መዝገበ ቃላት እንውሰድ። አንድ ሰው ጸያፍ ቃል አግኝቶ «ይውጣ» ይላል። ሀንስፔል በሚባለው ማረሚያ ውስጥ ቃሉን ካወጣችሁት ተጠቃሚው በትክክል ሲጽፈው ቀይ ይሰመርበታል። ያም ብቻ አይደለም፣ ማረሚያው በሌላ ቃል ሊተካው ይሞክራል። ትክክለኛው ዘዴ «ኖሰጀስት» የሚባለው ባንዲራ ነው። በአፊክስ ፋይሉ (የቅጥያ ደንቦች ፋይል) ውስጥ ለባንዲራው አንድ ምልክት ትመድባላችሁ፣ በቃላት ፋይሉ ውስጥ ከቃሉ ኋላ በእዝባር ትለጥፉታላችሁ። ከዚያ ማረሚያው ቃሉን ትክክል ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ግን ለሌላ ስህተት አማራጭ አድርጎ በጭራሽ አያቀርበውም። ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ የሚመጣው ከማቅረቡ ነው፤ «ውድ» ልትሉት የፈለጋችሁትን ሰው ማረሚያው ሲሰድብባችሁ።

ማጣሪያ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ንዑስ ጽሑፍ ፈልጎ መከልከል አያዋጣም። ስካንቶርፕ የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በኤኦኤል የኢንተርኔት አገልግሎት አካውንት እንዳይከፍቱ የታገዱት በስሟ መሐል በእንግሊዝኛ ጸያፍ የሆነ ቃል ስላለ ነው። የቃል ወሰን ፈልጉ ይባላል፤ ለእንግሊዝኛ ይበቃል።

ለአማርኛ አይበቃም። «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» እና «እንደ» ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ፣ ከኋላም «ኦች»፣ «ን»፣ «ም» ይከተላሉ፤ ስለዚህ ግንዱን ማግኘት ግድ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስ አለባችሁ፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። የዩኒኮድ (የፊደላት ዓለም አቀፍ ኮድ) ማስተካከያ ይህን አይሠራላችሁም፤ ለእሱ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ላይ ያሉ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሠንጠረዡን በእጅ ጻፉ፣ ሰባቱንም ቤት። ካልጻፋችሁ ተሳዳቢው «ሰ»ን በ«ሠ» ለውጦ ያልፋል።

አንድ አጓጊ ወጥመድ ላስጠንቅቅ። የግዕዝ ፊደላት በዩኒኮድ በየቤታቸው 8 በ8 ተደርድረዋል፣ ስለዚህ ኮዱን ለ8 ብታካፍሉ ተነባቢው ብቻ ይቀራል፤ ሥር በአንድ መስመር ኮድ የሚገኝ ይመስላል። ሞክሩትና ታያላችሁ፦ «ሰበረ»፣ «ሰባሪ» እና «ሰባራ» ቢገናኙም፣ ዝምድና የሌላቸው ንጹሕ ቃላትም ከስድቡ ጋር አብረው ይያዛሉ። ለፍለጋ ይጠቅማል፣ ለማገድ ግን አይሆንም።

#9 ነፃ ፈቃድ

ለ#5 እና #8፣ ተቀብያለሁ። አሁንም የማይዋጥልኝ አለ። ሰዎች ከፋይሉ ማውጣት አልበቃ ብሏቸው የኮዱ ለውጥ ሁሉ ከሚመዘገብበት ከጊት ታሪኩም ይጥፋ እያሉ ነው። ይህስ?

#10 ሁለት ሰረዝ

ለስድብ ብላችሁ ታሪክን እንደገና አትጻፉ። በተራ ኮሚት (አንድ የለውጥ መዝገብ) አውጡት፣ ይበቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከመሐል አንድ ኮሚት ሲለወጥ ከሱ በኋላ ያሉት ኮሚቶች ሁሉ መለያቸው ይለወጣል። የተፈረሙ ታጎች ፊርማቸው ይፈርሳል፣ ቲኬቶች ውስጥ የተጠቀሱ ኮሚቶች ባዶ ሊንክ ይሆናሉ፣ ፎርኮች ሁሉ ከዋናው ይለያያሉ። አሮጌ ክሎን (ቅጂ) ያለው አንድ ሰው ሥራውን ወደ አዲሱ ታሪክ ከማዛወር (ሪቤዝ) ይልቅ ሁለቱን አዋህዶ (መርጅ) ከላከው (ፑሽ) ደግሞ ያጠፋችሁት ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፣ በእጥፍ። ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሀብ ላይ ከሆነ አሮጌው ኮሚት በመለያው መታየቱን ሊቀጥል ይችላል፤ እሱን የሚያስወግደው የድጋፍ ክፍላቸው ነው፣ ፎርኮቹ ውስጥ ያለውን ግን ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ማጽዳት አለባቸው።

ታሪክን እንደገና መጻፍ የሚገባው ሕግ ያስገደደ ጊዜ፣ ወይም የሰው የግል መረጃ፣ አድራሻ፣ ስልክ የገባ ጊዜ ነው። ያኔ «ጊት ፊልተር ሪፖ»ን ተጠቀሙ። የጽሑፍ መተኪያ አማራጩ የሚነካው የፋይሎችን ይዘት ብቻ ነው፤ የኮሚት መልእክት ለብቻው ሌላ አማራጭ አለው። ይህን ሳያውቁ ፋይሉን አጽድተው፣ «እንትናን የሚሰድበውን መስመር አወጣሁ» የሚለውን መልእክት ከነስሙ የሚተዉ አሉ።

የወጡ ሪሊዞችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው ፓይፒአይ ላይ «ያንክ» የተደረገ (ከተራ ጫኚ የተሰወረ) እትም አይጠፋም፤ ቁጥሩን በ«==» ቆልፎ የሚጠይቅ ሰው ያገኘዋል። ክሬት የሚባለው የራስት ቋንቋ ፓኬጅም እንዲሁ፣ በሎክ ፋይል (እትሞችን በሚቆልፍ ፋይል) የተያዘ ይቀጥላል። የጃቫስክሪፕት ማከማቻ በሆነው ኤንፒኤም ላይ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ሌላ ፓኬጅ ካልተደገፈበት፣ ማውጣት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ጥብቅ መስፈርት አለው። ይህ የመጣው ሌፍትፓድ የምትባል ጥቂት መስመር ያላት ፓኬጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ተነቅላ የብዙ ፕሮጀክት ቢልድ ከሰበረች በኋላ ነው። ያወጣችሁትን ቁጥርም ዳግም መጠቀም አትችሉም። ስለዚህ የጸዳውን እትም መጀመሪያ አውጡ፣ አሮጌውን ቀጥላችሁ ያንክ አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በመሐሉ የሚጭን ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል።

#11 ቀይ ስረዛ

ለግራፊክ ፕሮግራሞች የደረጃ ምልክት እንዳለ አትርሱ። አፕስትሪም በሚባለው የፕሮግራም መግለጫ ፋይል ውስጥ «ኦአርስ» የሚባል የይዘት ምዘና አለ፤ የፕሮግራም ማከማቻው ፍላትሃብም ይጠይቀዋል። ጥቃት፣ እርቃን፣ ስድብ፣ አድልዎ ያለበት ንግግር፣ ቁማር እያለ ለየብቻ ይዘረዝራል፣ ለእያንዳንዱም የለም፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብላችሁ ትሞላላችሁ። ባዶ ታግ ማለት «ሁሉም የለም» ማለት ነው። ከሌላ ፕሮጀክት የተገለበጠ ባዶ ታግ በብዛት የሚታየው ለዚህ ነው፤ ማረጋገጫው ያልፋል፣ የወላጅ ቁጥጥሩ ግን ውሸት ያነባል። ለተርሚናል ጥቅስ ፓኬጅ ይህ አይደርስም፣ መግለጫው ላይ በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «ይህ ፓኬጅ በዘር፣ በፆታና በሃይማኖት ላይ የሚያላግጡ ጥቅሶችን ይዟል።» «ለአዋቂዎች» ወይም «ቀልድ የሚገባው ይጫነው» አትበሉ፣ ምን እንዳለበት አይናገርም።

#12 ጥቅል ጠባቂ

በጣም ጠቀመኝ። እንግዲህ እንዲህ ላድርግ፦ ጥቅሶቹ ታርቦሉን በመጠቅለል ይወጣሉ፣ በ«ዲኤስ» ቅጥያ፤ ለብቻቸው ፓኬጅ አልሠራም፤ ማውጫው ቢልድ ላይ በየጊዜው ይሠራል፤ ታሪኩ አይነካም። ለባለቤቱም ፓቹን እልካለሁ፣ ባይመልስም። ቲኬቱን ግን እንዴት ልዝጋው? 140 መልስ ደርሷል።

#13 የስም ነገር

ስለ ቀልድ የሚነሳ ክርክር በመልስ ብዛት አያልቅም። የሲ ቋንቋ ላይብረሪ የሆነው የጂሊብሲ ማኑዋል ውስጥ ስለ አቦርት (ፕሮግራም አቋራጭ) ፈንክሽን የነበረች አንዲት የቀልድ አንቀጽ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥታ፣ ተመልሳ ገብታ፣ ብዙ ሰው ተጣልቶባታል። ውሳኔውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ እንዲህ ነው። ሜንቴነሩ አንተ ነህ፤ ምክንያቱን በሦስት መስመር ጻፍ፣ ይግባኝ የሚባልበትን ቦታ አሳይ፣ ዝጋ።

የቲኬቱን ርእስና የኮሚቱን መልእክት አስተውል። ስድቡን ጠቅሰህ አትጻፍ፣ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ጻፍ። የለውጥ ዝርዝሩ ፓኬጁን በሚያሻሽል ሰው ሁሉ ስክሪን ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ከዳታ ፋይል አውጥተህ እዚያ ብትጠቅሰው ከቀድሞው በሰፋ መንገድ አሰራጨኸው ማለት ነው።

#14 ዘጠነኛው ቢት

አንድ የቀረ አለ። የሚያስቀይመው ክፍል ቀድሞ ለብቻው ፓኬጅ ሆኖ ወጥቶ ከነበረ፣ ከማከማቻው ስታወጣው ከሰዎች ማሽን አይጠፋም። የተጫነው እንዳለ ይቀመጣል፣ ዝማኔ አያገኝም፣ አዲሱ ዋና ፓኬጅም ፎልደሩን አግኝቶ ማንበቡን ይቀጥላል። ዋናው ፓኬጅ ላይ አሮጌውን የሚመለከት «ብሬክስ» (አብሮ አይሆንም የሚል መስመር) ጨምር፤ ያኔ ሲያሻሽል ይወጣል። በ«ኒውስ» (የለውጥ ማስታወቂያ) ፋይሉ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር ጻፍ፣ ጥቅሶቹን በራሱ ፎልደር ያስቀመጠ ሰው የራሱን ፋይል በእጅ መጨመር እንደሚችል እንዲያውቅ። ስትርፋይልን ማስኬድ እንዳለበትም ጨምርበት፣ አለዚያ ያው ከወገብ የሚጀምረው ጥቅስ ቲኬት ይመጣልሃል።